ከአያት እስከ አራዳ፦ ሦስት ቀን በጥቂት ብር

አዲስ አበባ በዘመናችን ወደ ምሥራቅ እጅግ ሰፍታለች። ከመገናኛ ወዲያ በጉርድ ሾላ፣ በሲኤምሲና በመሪ በኩል እስከ አያት ድረስ የተዘረጋው ሜዳ የቀድሞ ሰዎች እርሻና የከብት መሰማሪያ አድርገው የሚያውቁት ሲሆን፣ ዛሬ ግን ቤት በቤት ላይ ተደራርቦበታል። አያት የሚለው ስም እንግዳ ሰው እንደሚገምተው ከአንዲት አሮጊት ወይም ከአንድ ሽማግሌ የመጣ አይደለም፤ በዚያ ሥፍራ መኖሪያ ቤት ሠርቶ ይሸጥ ከነበረው አክሲዮን ማኅበር የተወረሰ ነው። ሆኖም በአጋጣሚ ስሙ ለሰፈሩ የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል። ከመካከለኛው ከተማ ተነሥተው በጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ አያቶች በየደረጃው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉና።

እነዚህ አረጋውያን ቤታቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ታቦታቸውን ግን ይዘው አልመጡም። ክርስትና የተነሡበት፣ የተዳሩበት፣ አባት እናታቸውን የቀበሩበት ደብር በአራዳ፣ በልደታ ወይም በኡራኤል ቀርቷል። በአያትም በየአቅጣጫው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቅዳሴውም አንድ ነው። ነገር ግን ስድሳ ዓመት የሳሙትን ደጅ መናፈቅ ያለ ነገር ነው። እናቴ ዶሮ ማነቂያ ኖረው በ2016 ዓ.ም በፒያሳ የነበረው ሰፈር ሲፈርስ ወደ እኛ ከመጡ ወዲህ፣ «ጊዮርጊስን ሳልሳለም ከረምሁ» ማለት የዘወትር ቃላቸው ሆኖ ነበር። «እንሂድ» ስንላቸው ደግሞ፣ «ተውኝ ልጄ፣ ለስድስት ሰው የመኪና ከየት ይመጣል? ለልጆቹ ደብተር ግዛበት» ይሉናል። የገንዘቡ ነገር እውነት ነው። ቤተሰባችን ስድስት ነው፤ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ እኔና ሦስት ልጆች። በስድስት ሰው ዘንድ የአንድ ብር ልዩነት በደርሶ መልስ 12 ብር ነው። በአንድ ጉዞ ሦስት ጊዜ መሳፈሪያ የሚለውጥ ቤተሰብ፣ በእያንዳንዱ አምስት አምስት ብር ያለ አግባብ ቢወጣበት፣ በደርሶ መልስ 180 ብር በመንገድ ላይ አፍስሶ ይገባል። ይህም ለብዙ ቤት የሁለትና የሦስት ቀን ዳቦ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፣ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ከነሐሴ 21 እስከ 23 ያሉትን ሦስት ቀናት መረጥን። የቀኖቹን ቅደም ተከተል ማናቸውም ክርስቲያን ያውቀዋል፤ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሁለት ኡራኤል፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። ሦስቱም በተከታታይ የሚውሉ ስለሆነ ለሦስት ቀን ሽርሽር ከዚህ የተሻለ መርሐ ግብር ሊወጣ አይችልም። ጥር ለምን አልሆነም የሚል ቢኖር፣ የጥር ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ የጥር ሃያ ሁለትም የኡራኤል ዓመታዊ በዓል ነው። የካቲት ሃያ ሦስትም የዐድዋ ድል መታሰቢያ በመሆኑ በአራዳ ዙሪያ መንገዱ ሁሉ በሰው ይሞላል፤ መኪናም አያልፍም። ዓመታዊ በዓል ለነፍስ ደስታ ነው፤ ሕፃን ይዞ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ግን ከባድ ነው። በወርኃዊው ቀን ግን ታቦቱም ያው፣ ጸሎቱም ያው፣ ሰልፉም አጭር ነው።

ስለ መጓጓዣው አስቀድሜ ልናገር። ከአያት ወደ ከተማ የሚያወርዱ ብዙ ናቸው፤ ባቡሩ፣ ከኢጣልያ ወረራ ማግስት ጀምሮ ሕዝብ ሲያመላልስ የኖረው አንበሳ አውቶቡስ፣ ሸገር፣ ሃይገር፣ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ታክሲ፣ በመጨረሻም በስልክ የሚጠራው መኪና። ከእነዚህ ሁሉ የአያት ሰው ዋና ሀብቱ ባቡሩ ነው፤ የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር መነሻ ከደጁ ላይ ነውና። የከተማው ቀላል ባቡር በቻይና ብድርና በቻይና ሥራ ተቋራጭ ተሠርቶ የሰሜን ደቡቡ መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው 17 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ደግሞ ከዚያ ከሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው መካከል በአንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ሲጀመር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ብሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢለዋወጥም ልብ ሊባል የሚገባው የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ትኬቱ ለአንድ ጊዜ መሳፈር ነው፤ ከወረዱ በኋላ እንደገና ለመሳፈር እንደገና መግዛት ነው። እንግዲህ በየጣቢያው እየወረደ «ይህንንም እንይ፣ ያንንም እንይ» የሚል ቤተሰብ በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ይከፍላል። ሩቁን በአንድ ትኬት ሄዶ ቅርብ ቅርቡን በእግር የሚያዳርስ ግን በቀኑ ሁለት ጊዜ ብቻ ይከፍላል።

የባቡሩንም ጉድለት መደበቅ አይገባም። ሲጀመር 41 የነበሩት ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት በ2010ዎቹ ዓመታት ከሥራ ወጥተዋል። በዚህ ምክንያት መጠበቁ ረዘመ፤ ሲመጣም ሞልቶ ይመጣል። መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከማታው 11 እስከ 1 ሰዓት ድረስ ሕፃንና አረጋዊ ይዞ መግባት ጭንቅ ነው፤ ኪስንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን አያት መነሻ ጣቢያ በመሆኑ የእኛ ሰፈር ሰው አንድ ጥቅም አለው። ባቡሩ ባዶውን ስለሚነሣ፣ አንዱ አልፎ ለሚቀጥለው በሰልፉ ፊት የቆመ ሰው ወንበር ያገኛል። እናቴ በሦስቱም ቀን ተቀምጠው ነው የወረዱት።

የመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ነበር። በእውነቱ ከሦስቱ ቀናት ውድ የሆነብን እርሱ ነው። ባቡሩ እስከ መገናኛ ብቻ ያደርሳል፤ ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ሽቅብ ወደ ማርያም ደጅ መሳፈር አለ። ያዳነን አንድ ነገር ነው፤ ዳገቱን በመኪና ወጣን፣ ቁልቁለቱን በእግር ወረድን። ይህ ሥርዓት በአዲስ አበባ ውስጥ በማናቸውም ሥፍራ ይሠራል። ከተማዪቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘቅዝቃ የተሠራች ስለሆነች፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚጎበኝ ሰው የመመለሻውን ግማሽ በነፃ ያገኛል። እናቴንና ታናሽቱን ልጅ ከባለቤቴ ጋር በታክሲ አወረድናቸው፤ እኔና ሁለቱ ልጆች በእግር ወረድን። የነሐሴ ጉም ከባሕር ዛፉ ላይ እስኪነሣ ጭቃው ያንሸራትት ነበር። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ወገባቸውን አጉብጠው በአጠገባችን ያልፋሉ። ታላቁ ልጄ ዝም ብሎ ሲያያቸው ቆይቶ፣ «አባዬ፣ እነዚህ በየቀኑ ነው የሚወርዱት?» አለኝ። አዎን አልሁት። ከዚያ በኋላ ስለ እግሩ ድካም አልተናገረም።

በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ዘውድ ጭነዋል። ከተማዪቱም የዚያ ተራራ ልጅ ናት፤ በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወድደው አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡላት ከዚያ ቁልቁል ወርደው ነው። ልጆቹ ከላይ ቆመው ከተማውን በሙሉ ሲያዩ፣ አያት በየት በኩል እንደሆነች ፈልገው አጡ።

ሁለተኛው ቀን ለኪሳችንም ለጉልበታችንም የተመቸ ሆነ። ከአያት እስከ ኡራኤል አንድ ትኬት ነው። ቅዳሴ ለመድረስ ማልደን ስለተሳፈርን ገና ጎህ ሲቀድ መንገዱ ቀና ነበር። የባቡር ጣቢያዎቹ ስም ለልጆች ደኅና ትምህርት ነውና እያንዳንዱን እንዲያነብቡ አደረግሁ። ሲኤምሲ በዚያ ቤት የሠራው የኢጣልያ የግንባታ ኩባንያ ስም ነው። ሚካኤል፣ ኡራኤል፣ እስጢፋኖስ፣ ልደታ የአብያተ ክርስቲያናት ስሞች ናቸው። ሜክሲኮ፣ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረራውን አልቀበልም ላለችው አገር መታሰቢያ ነው። ኮካ ኮላ ግን የፋብሪካ ስም ነው። ሁለተኛዋ ልጄ፣ «ታዲያ ባቡሩ ከመላእክት ወደ ኮካ ኮላ ነው የሚሄደው?» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት፣ «ልጄ፣ እኛም ሁላችን እንደዚያው ነን» አሏት።

ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን ከቤት የያዝነውን ዳቦና ቆሎ በላን፤ ውኃም ከቤት ነበር። ይህን ከመጓጓዣ ወጪ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ልጅ ሲርበው መሄድ አይፈልግም፤ የማይሄድ ልጅ ያለው ሰው ደግሞ በእግሩ የሚደርስበትን መንገድ በታክሲ ይሄዳል። ያንን ቀን የሄድነው ሁሉ ከቆሎው የተገኘ ነው። ከኡራኤል ባምቢስን አልፈን እስከ እስጢፋኖስ ቀስ እያልን በእግር ወረድን። በቀኝ በኩል በ2017 ዓ.ም የፈረሰውን የካዛንቺስን ሰፈር እናቴ እየፈለጉ፣ «እዚህ ጋ የልብስ ሰፊው ቤት ነበር፤ እዚህ ደግሞ…» ይላሉ፤ ግን ምልክቱ ሁሉ ስለጠፋባቸው ተዉት።

ከእስጢፋኖስ ደጅ መስቀል ዐደባባይ ነው። ልጆቹ ደመራውን በቴሌቪዥን ብቻ ያዩት ስለነበር ዐደባባዩ ባዶውን መሆኑ ገረማቸው። የመስቀል በዓላችን በ2006 ዓ.ም በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ነገርኋቸው፤ እነርሱ ግን በደረጃው ላይ መሯሯጡን መረጡ። ከዚያ ጥቂት እንደተራመድን ለገሃር ደረስን። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገብቶ ለብዙ ዘመን ንጉሡም ነጋዴውም የሚሳፈረው ከዚህ ነበር። የ2009 ዓ.ም አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን የሚነሣው ከለቡ ነው። ከፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል፤ ጣልያኖች ወደ ሮማ ወስደውት በኋላ የተመለሰ፣ የዘርዓይ ደረስ ታሪክም ከእርሱ ጋር የሚወሳ ነው። የዘርዓይ ደረስን ታሪክ ለልጆቼ ስነግር አንድ የጫማ ጠራጊ ልጅ ሣጥኑን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። በቀኑ ከተናገርሁት ሁሉ ደስ ያለኝ እርሱ ነው።

ከለገሃር እንደገና በአንድ ትኬት ወደ አያት ተመለስን። እዚያ ግን ጣቢያው ከመሬት ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ የተሠራ ስለሆነ ደረጃው ለእናቴ ጉልበት ከብዷቸው ነበር። አረጋዊ ይዞ የሚጓዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብ፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት ጣቢያዎች በአብዛኛው ከመንገዱ ጋር እኩል ናቸው፤ ከስታዲየም ወዲያ ያሉት ግን ሽቅብ ያስወጣሉ።

ሦስተኛው ቀን የእናቴ ቀን ነበር። ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ከአያት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በባቡር እስከ ስታዲየም ሄዶ በሰሜን ደቡቡ መስመር መቀየር ነው፤ ሁለት ትኬትና የስታዲየምን ደረጃ ይጠይቃል። ሁለተኛው በባቡር እስከ መገናኛ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ እስከ ፒያሳ ነው። የደረጃውን ነገር አይተን ሁለተኛውን መረጥን። አውቶቡሱ ይረክሳል፤ ግን መቼ እንደሚመጣ ነጂው እንኳ አያውቅም፤ ስለዚህ በሰልፍ ላይ ሩብ ሰዓት ጠብቀን በታክሲ ገባን።

እዚህ ላይ ስለ ታክሲ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያፈሰው በዚህ ነውና። ታሪፉን የሚወስነው የከተማው መስተዳድር እንጂ ረዳቱ አይደለም። ስለዚህ ሳይሳፈሩ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ «እስከ ፒያሳ ስንት ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነው። ዋናው ተንኮል ዋጋ መጨመሩ አይደለም፤ መንገዱን መቁረጡ ነው። ሰው በበዛበት ሰዓት፣ ሰልፍም በረዘመበት ጊዜ፣ በአንድ ታሪፍ የሚኬደውን መንገድ ለሁለት ከፍለው እስከ መካከል ብቻ ይጭናሉ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ለቀረው እንደገና ይከፍላል። ለአንድ ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለስድስት ሰው ግን የመመለሻውን ያህል ነው። ወደ 4 ሰዓት ሲጠጋ የሥራው ግርግር ስለሚበርድ ያ ነገር አብሮ ይቀንሳል። ታናሽ ልጅን በጭን መያዝ ደግሞ የተለመደ ስለሆነ ወንበር ካልያዘ ማንም አያስከፍልም፤ ግን ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራተኛ አድርገው ሊያስገቡ ሲሉ እምቢ ማለት መብት ነው። የዚያ ቀን ረዳት አንድ ጨዋ ልጅ ነበር። እናቴን በክንዳቸው ደግፎ፣ «እማማ፣ ከፊት ይግቡ፣ ለጉልበትዎ ይሻላል» ብሎ አስቀመጣቸው፤ መልሱንም ሳንጠይቀው ቆጥሮ ሰጠን። ስለ ረዳቶች ክፉ ብቻ ማውራት ልማድ ስለሆነብን ይህንንም መጻፍ ተገቢ ነው።

በስልክ የሚጠራውን መኪና አልነቅፈውም። ለስድስት ሰው ግን አንዱ አይበቃም፤ ሁለት መጥራት ደግሞ የሦስት ቀኑን በአንድ ቀን መጨረስ ነው። ዝናብ ሲበረታ፣ አረጋዊ ሲደክም ወይም ሕፃን ሲያተኩሰው ለአጭር መንገድ ይጠራ፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ከመጀመሪያው ለብቻው ይታሰር። እኛ በመሐረብ ቋጥረን ባለቤቴ ዘንድ አስቀምጠን ነበር።

ከፒያሳ ስንወርድ እናቴ መንገዱን አላወቁትም። የኖሩበት መንደር የለም፤ በአጠገቡ በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። ለጥቂት ጊዜ በትራቸውን ተደግፈው ወዲያና ወዲህ አዩ። ኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ባዩ ጊዜ፣ እኛን ሳይጠብቁ ወደዚያው መራመድ ጀመሩ። ያን ሁሉ መንገድ ስንደግፋቸው የነበሩት እናቴ፣ በአራዳ ድንጋይ ላይ ከልጆቹ ቀድመው ሄዱ።

ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዐድዋን ድል ያስታውሳል፤ ታቦቱ ከጦሩ ጋር ወርዶ ድሉም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዕለተ ቀኑ ሆነ። ጠላት በወረራው ዘመን ቢያቃጥለውም እንደገና ታድሷል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዘውድ የጫኑት በዚህ ነው። በውስጡ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች አሉ። ይህን ሁሉ ለልጆቹ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። እናቴ የነገሯቸው ግን ሌላ ነው፤ በየትኛው በር ገብተው ተዳሩ፣ አያታቸው በየትኛው ዛፍ ሥር ጸበል ጠጥተው ዳኑ፣ የነፍስ አባታቸው የት ይቀመጡ ነበር። ልጆቹ የእርሳቸውን ነው የያዙት። ደጀ ሰላሙ አጠገብ አንዲት የድሮ ጎረቤታቸው አገኙ። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ቆይተው፣ ሴትዮዋ ወደ ቦሌ አራብሳ መግባታቸውን ነገሯቸው። «እንዴት መጣሽ?» ሲሏቸው፣ «በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ፤ በወር አንድ ቀን ብቻ ነው የምችለው» አሉ። «እኔም እንግዲህ በሃያ ሦስት እመጣለሁ» አሏቸው እናቴ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ሰልፉ ሳይረዝም፣ ዝናቡም ሳይጥል 8 ሰዓት ላይ ተነሣን። መገናኛ ስንደርስ ጣለ፤ ግን ባቡሩ ውስጥ ገብተን ነበር። በማታው ሒሳቡን ስናየው በመሐረብ የተቋጠረው አልተነካም። እናቴ ተቀብለው ቆጠሩትና ለሚመጣው ሃያ ሦስት በትራሳቸው ሥር አስቀመጡት።